ከግድግዳው የምትመለሰው ኳስ

ጡረታ ለሚስማማው ይስማማው፤ እኔን ግን ገና ሳልጠግበው ነው የሰለቸኝ። ጠዋት ተነስቼ ጫማዬን አጠልቅና የት እንደምሄድ ሳላውቅ በሩ ላይ እገተራለሁ። ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ውጣ ወይ ግባ፣ ብርዱን አታስገባብን" ትለኛለች። እወጣለሁ፣ ሰፈሩን እዞራለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጨዋታ ሳስተናብር የኖርኩ ሰው ነኝ። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ኳሷ መስመር ነክታለች፣ አልነካችም ስል ነው ፀጉሬ የሸበተው። አሁን የማስተናብራቸው የባለቤቴ ዶሮዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አይሰሙኝም።

እንዲህ ስቅበጠበጥ ነው ማህሌት መጥታ ከቤት ያወጣችኝ። ማህሌት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ የሲስተር ሰብለ ልጅ ናት። እናቲቱ ሸዋ ሮቢት ትኖራለች፣ ልጅቷ አዲስ አበባ። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሃል ሆኜ ስንት ዓመት ሙሉ ሰላምታና ኩርፊያ ሳመላልስ ኖሬአለሁ።

"ጋሼ ተክሌ፣ ተነስ፣ ፓዴል እንጫወት" አለችኝ።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ስትደርስ ታየዋለህ።" ስልኳን አወጣችና በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ "በቃ፣ ያዝኩ" አለች።

"ምኑን?"

"ሜዳውን ነዋ። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ የእኛ ነው።"

ሶፋ ላይ ተቀምጦ ተራ መያዝ አልዋጥልህ አለኝ። በእኛ ጊዜ ተራ የሚያዘው በእግር ሄዶ ነበር። እያጉረመረምኩ ተከተልኳት።

ክበቡ ስንደርስ ሜዳው ጠበብ ያለ፣ ከኋላው በመስተዋት፣ ከጎኑ በሽቦ የታጠረ ነው። ራኬቱ ክር የለውም፤ ድፍን ሆኖ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። አሠልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው፤ ዕድሜዬን አይቶ ቀስ እያለ አስረዳኝ። "አባባ፣ የሚጫወቱት ሁልጊዜ ሁለት ለሁለት ሆነው ነው። ሲጀምሩ ኳሷን ከወገብ በታች ነው የሚመቷት። በቀጥታ ሄዳ መስተዋቱን ከመታች ሞታለች። መጀመሪያ መሬት ነክታ ከዚያ መስተዋቱን ከመታች ግን ገና አልሞተችም፤ ስትመለስ ሊመቷት ይችላሉ።"

ትኩር ብዬ አየሁት። "ይህን ማን ነገረህ?"

"ሕጉ ነው፣ አባባ።"

"የማን ሕግ?"

"የዓለም" አለኝ።

የዓለም ይበል እንጂ ይህን ሕግ እኔ የማውቀው ሸዋ ሮቢት አጠገብ ካለው ከቀወት ቆላ ነው። ሕጉን ያወጡትም ጋሽ ሙሔ የሚባሉ ሰው ናቸው። ልጁ ሌላም ሌላም ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት አጣዬ ነው፣ የስፖርት መምህር ሆኜ፣ በደርግ ጊዜ። አንገቴ ላይ ፊሽካ፣ እጄ ላይ አንዲት የተጣፈች ኳስ ነበረኝ፤ ሌላ ዕቃ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀጥሎ መሠረተ ትምህርት አስተምር ተብዬ ማጀቴ ከተማ ተላክሁ። እዚያ ደግሞ ፊደል የሚቆጥሩትን አባወራዎች በየመሃሉ እያስነሳሁ እጅና እግራቸውን ሳፍታታ አለቃዬ ደረሰብኝ። ሳቀና፣ "አንተ ልጅ ክፍል ውስጥ የምትቀመጥ ፍጥረት አይደለህም" አለኝ። ሸዋ ሮቢት አጠገብ አንድ የመንግሥት እርሻ ለሠራተኞች ክበቡ አስተናባሪ ይፈልግ ነበርና ወደዚያ አዛወሩኝ። ደመወዙ ያው ነው፤ ሙቀቱና ወባው ግን ሌላ ነው።

ጋሽ ሙሔን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። አርጎባ ናቸው፤ ቤታቸው ከእርሻው በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። እርሻው ከመወረሱ በፊት የባለቤቱን የፈረንጁን የቴኒስ ሜዳ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ከተወረሰ በኋላ ያ ሜዳ የበቆሎ ማስጫ ሆነ። እሳቸው ታዲያ ዝም አላሉም፤ ጣሪያው የተቃጠለ፣ አራት የድንጋይ ግድግዳ ብቻ የቀረው የጥጥ መጋዘን ነበርና ጠይቀው ተፈቀደላቸው። እኔ ስደርስ ጠርገው፣ ደልድለው፣ መረብ ወጥረውበታል።

ቴኒስ እንደዚህ ባለ ቦታ አይጫወቱም። ከመስመሩ ኋላ የሚበቃ ቦታ የለም፤ ኳሷ ወዲያው ግድግዳው ላይ ትጋጫለች። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ የተነሳ ጠብ አይጠፋም ነበር አሉ። አንዱ "ወጥታለች" ሲል ሌላው "ስትመለስ መትቻታለሁ" ይላል። ጋሽ ሙሔ መሃል ገቡና ፈረዱ። "መሬት ሳትነካ ግድግዳ የመታች፣ ሞታለች። መሬት ነክታ ግድግዳ የመታች፣ ነፍስ አላት፣ ምቷት። ግድግዳውም እንደናንተው የእርሻው ሠራተኛ ነው፣ ይጫወት።" ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሲጀምሩ ኳሷን ከላይ መምታትን ከለከሉ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሁለት ለሁለት እንዲሆን አዘዙ። ነጥቡን ግን እንደ ፈረንጁ ተዉት። የትራክተር ሾፌሩ አንድ ቀን፣ "ጋሽ ሙሔ፣ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ ካልን በኋላ እንዴት አርባ እንላለን? አርባ አምስት መሆን የለበትም?" ብሎ ጠየቃቸው። "እዚያ ሲደርስ ፈረንጁ ይደክመው ነበር መሰለኝ" አሉት።

ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው ብል አልዋሸሁም። ለሜዳው የሚሆን አፈር ከሌላ ቦታ አይወስዱም፤ ከኩይሳ ብቻ። ምስጥ ያላመጠው አፈር አይሰነጠቅም ይላሉ። አፍርሰን፣ ነፍተን፣ አርሰን እንደለድላለን፤ ከዚያ አሸዋ የተሞላ የናፍጣ በርሜል እየገፋን እንዳምጠዋለን። ሱብሒ ሰግደው ይመጡና ጫማቸውን አውልቀው ከዳር እስከ ዳር በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ፤ ጠጠር የሚፈልጉት በዓይን ሳይሆን በእግራቸው ነው። ከዚያ መዳፋቸውን መሬቱ ላይ ያሳርፋሉ። አቧራ ከያዘ ውኃ እንረጫለን፤ ጭቃ ከያዘ ፀሐይ እንጠብቃለን። እኔ መጠበቅ አልችልም ነበር። "አይበቃም እንዴ?" እያልኩ ዙሪያቸውን ስሽከረከር፣ "አንተ ተክሌ፣ እግርህ ውስጥ ጉንዳን አለ ወይ?" ይሉኛል። በመጨረሻ ኳሷን ግድግዳው ላይ ወርውረው ጆሯቸውን ያቀናሉ። ድምፁ ካልጣማቸው ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ፈቶ ነውና ፈልገው በኖራ ይመርጉታል።

ተራው ደግሞ በር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የሚያዘው። መጫወት የሚፈልግ ራሱ በእግሩ መጥቶ፣ ጠመኔውን ራሱ ይዞ ስሙን ይጽፋል። መጻፍ የማይችል ምልክቱን ይሥላል፤ የትራክተር ሾፌሩ ጎማ ይሥል ነበር። ለሌላ ሰው መጻፍ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ተላላኪውን ልኮ ስሙን አስጻፈ። ጋሽ ሙሔ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። እኔ ደነገጥኩ፤ በዚያ ዘመን በትንሹም በትልቁም ሰው ይታሰራል። ማታውን ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ፣ ሰሌዳውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ጠመኔውን አንስቶ ጻፈ። ከዚያ በኋላ በደንብ ነው የተዋደዱት።

ሲስተር ሰብለ የእርሻው ክሊኒክ ነርስ ነበረች። ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ተመድባ መጥታ እዚያው ቀረች። ማህሌት ገና ዳዴ ስትል ወባ ይዟት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ሰብለ በዚያው ጨክና ልጇን ለእናቷ ሰጥታ ወደ አዲስ አበባ ላከቻት፤ እሷም በቅርብ ተዛውራ ልትከተላት። ዝውውር ብትጠይቅ ግን መልሱ ያው ነው፤ ምትክ ሲገኝ። ወደዚያ ቆላ ማን ሊመጣ? ምትክ አይገኝም። እሷ ከሥራ በኋላ ቤቷ መግባት አትችልም ነበር፤ የልጇ አልጋ እንደተነጠፈ ነው ያለው። ስለዚህ ሜዳው ትመጣለች። ሁለታችንም መቀመጥ የማይሆንልን ሰዎች ስለሆንን ቶሎ ተግባባን። እሷ ግን ከእኔ የምትለየው ኳስ ስትመጣ ነው፤ እዚያ ላይ ትረጋለች።

ሌላው ሰው ኳሷ ከግድግዳው ሳትደርስ ለመምታት ይሯሯጣል። ሰብለ አትሯሯጥም። ረጅም ኳስ ከመጣች ታሳልፋታለች። ከዚያ ለመረቡ ጀርባዋን ትሰጥና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ራኬቷን ከፍ አድርጋ ትጠብቃለች። ኳሷ ነጥራ፣ ግድግዳውን መትታ እጇ ውስጥ ትመጣላታለች። ያን ጊዜ ዞር ብላ የላከቻትን ኳስ የሚመልስ አልነበረም። ጋሽ ሙሔ እሷ ስትጫወት ጫታቸውን ይረሱ ነበር።

አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ መጣና አያት። በእርሻዎች መካከል ውድድር ናዝሬት እንደሚደረግ ነገራት። "በሴቶች ቴኒስ ያሸነፈች አዲስ አበባ ለዋናው መሥሪያ ቤት ቡድን ትጫወታለች፤ ሥራዋም ወደዚያው ይዛወራል" አለ።  ሰውየው ከሄደ በኋላ ሰብለ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ "ተክሌ፣ ልጄ ጋ የሚያደርሰኝ ይኸ ብቻ ነው" አለችኝ። ክንዴ ላይ የጣቷ ምልክት እስኪቀር ነው የጨመደደችው።

ጭንቁ ወዲያው ነው የገባን። ናዝሬት ሜዳው ገላጣ ነው። ያለፈች ኳስ አለፈች፤ የሚመልሳት የለም። ጋሽ ሙሔ መጋዘን ጠባቂውን ለምነው ጆንያ አመጡ። ጭድ ጠቀጠቅንባቸውና በግድግዳው ዙሪያ ደረደርናቸው፤ ኳሷ ስትመታቸው ዱብ ብላ እንድትቀር። እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ ረጅም ረጅም እልክላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ዞራ ትጠብቃለች፤ ኳሷ ጆንያው ሥር ትሞታለች። ትናደዳለች፣ ራሷን ትረግማለች፣ "ድገም" ትለኛለች። እየዋለ እያደረ ወደ ኋላ እየሮጠች ከላይ መቀበል ጀመረች። ሌሎቹ ሠራተኞች ቅር አላቸው። የትራክተር ሾፌሩ፣ "ግድግዳችንን መቼ ነው የምትመልሱልን?" እያለ ይነዘንዘን ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ የጥጥ ለቀማው ደረሰ። መጋዘን ጠባቂው ጋሪ ይዞ መጣና ጆንያዎቹን ጠየቀ። ጋሽ ሙሔ ለመኑት፣ እኔ ተቆጣሁት። "ጥጡን በምን ልሰብስበው፣ በኮፍያዬ?" አለን። እውነቱን ነው። ጭዱን አራግፈን ሰጠነው። ግድግዳው ተመለሰ፣ ኳሷም መመለስ ጀመረች። ሰብለ ለእኔ "ራሴን እቆጣጠራለሁ" ብትለኝም አየኋት፤ በማግሥቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ስንነሳ ጋሽ ሙሔ መኪናው ድረስ መጥተው፣ "ልጄ፣ አላህ ያግራልሽ። እዚያ ያለሽው አንቺው ብቻ ነሽ፣ ግድግዳ የለም፣ እንዳትረሺ" አሏት።

ናዝሬት መጀመሪያ ጥሩ ሆነ። የገጠሟት ሴቶች አጭር አጭር ነበር የሚመቱት፤ እያንዳንዷን አሸንፋ ለመጨረሻው ደረሰች። እዚያም መሪ ነበረች። እኔ መቀመጫዬ ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ከአጥሩ ዳር ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አንድ ጊዜ ተጋጣሚዋ ሳትፈልገው ኳሷ ከፍ ብላ በሰብለ አናት ላይ አለፈች። ሰብለ ዞረች። ጀርባዋን ሰጠች፣ ራኬቷን ከፍ አደረገች፣ ጠበቀች። ኳሷ ነጥራ ሄደች፣ ሣሩ ውስጥ ገባች። ሰዉ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ሳቀ። የተጋጣሚዋ አሠልጣኝ ግን አልሳቀም። የራሱን ተጫዋች ጠርቶ በጆሮዋ የሆነ ነገር አላት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ረጅም ኳስ ሆነ። ሰብለ አንዳንዱን ሮጣ ትደርስበታለች፤ ሲደክማት ግን ገላዋ የለመደውን ያደርጋል። ትዞራለች፣ ትጠብቃለች። "ሰብለ፣ ግድግዳ የለም!" ብዬ ጮህኩ፤ ዳኛው ዝም እንድል አዘዘኝ። የመጨረሻዋ ነጥብ እንደዚያው ነው ያለቀችው። ኳሷ ሣሩ ውስጥ ከቆመች በኋላ እንኳ ሰብለ ፊቷን አላዞረችም። ባዶውን ሜዳ እያየች ቆማ ቀረች። ሰዉ እየሳቀ ነበር። በሕይወቴ ያን ቀን የጠላሁትን ያህል የጠላሁት ቀን የለም።

ስንመለስ መንገዱ በአዲስ አበባ ነው። ሾፌሩ አዘነላትና እናቷ ቤት አቆመልን። ማህሌት ደጅ ትጫወት ነበር። ሰብለ እጇን ዘርግታ ጠራቻት፤ ልጅቷ ሮጣ አያቷ ቀሚስ ሥር ገባች። አያትየዋ፣ "ነይ ሳሚያት እንጂ" ቢሏት፣ "እማዬ፣ ማናት?" ብላ እሳቸውን ጠየቀቻቸው። "ሰብልዬ ናት" አሏት። ልጅቷ መጥታ፣ "ደህና ነሽ ሰብልዬ?" ብላ ጨበጠቻት። ሰብለ ሳመቻት፣ ፀጉሯን አስተካከለችላትና መኪናው ውስጥ ገባች። ጣርማ በርን አልፈን ወደ ቆላው እስክንወርድ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።  ያን ዕለት የተቃጠልኩት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሰብለ ከዚያ በኋላ ሜዳው መምጣት አቆመች።  አንድ ማለዳ ግን ሰሌዳውን ሳይ ከላይ "ሰብለ" ተብሎ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው፤ አማርኛ እንደ ነገሩ ነበር የሚጽፉት።

"ጋሽ ሙሔ፣ ለሌላ ሰው መጻፍ ክልክል ነው ይሉ አልነበረም እንዴ?" አልኳቸው።

"ዝም በል" አሉኝ። "ሂድና ጥራት።"

መጣች። ሰሌዳውን አይታ አለቀሰች፣ ከዚያ ተጫወተች።

ደርግ ሲወድቅ እርሻው ተበተነ። የግድግዳው ድንጋይ እየተነቀለ የሰው ቤት ተሠራበት። ጋሽ ሙሔ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። እኔ ደብረ ብርሃን ሠራሁ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፤ ስታዲየም፣ ክበብ፣ ቢሮ። ቢሮውን አልነግራችሁም፤ ወንበር ላይ የሚቀመጡበት ነው። ሰብለ ግን የዝውውር ማመልከቻ ዳግም አላስገባችም። ቆላው ውስጥ አዋልዳ፣ ወባ አክማ ጡረታ ወጣች። ማህሌት ለበዓል ትሄዳለች፣ ስጦታ ይዛ፤ እናትየዋም አንሶላ ቀይራ ትቀበላታለች። ይዋደዳሉ፤ ግን እንደ እንግዳ ነው። ልጅቷ "ሰብልዬ" ነው የምትላት። "አዲስ አበባ እኔ ጋ ኑሪ" ስትላት፣ ሰብለ "ከተማው አይስማማኝም" ትላለች። እኔ መሃል ሆኜ እነዛነዛለሁ።

ያን ቀን ከፓዴሉ ቤት እንደተመለስኩ ስልክ ደወልኩላት። ነገሩን አስረዳኋት፤ መስተዋቱን፣ ሁለት ለሁለቱን፣ ከወገብ በታቹን።

"አትቀልድ" አለችኝ።

"የጋሽ ሙሔ አጥንት ይፋረደኝ።"

"መሬት ነክታ ግድግዳ ብትመታስ?"

"ነፍስ አላት።"

 ከዚያ፣ "ራኬት ይዤ ልምጣ ወይስ አላችሁ?" አለችኝ።

እናትሽ ልትጫወት ትመጣለች ብላት ማህሌት አላመነችኝም። እናቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ እንኳ የመጣችው ለሕክምና መስሏት ነበር። በስልኳ ሜዳውን ስትይዝ፣ "ለሰብልዬም ያዝኩላት" አለች። ለሌላ ሰው ተራ መያዝ ክልክል ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

እናትና ልጅ በአንድ ወገን፣ እኔና አሠልጣኙ በሌላ ወገን ቆምን። ማህሌት እናቷ እንዳትወድቅ ሰግታ ዓይኗን አትነቅልባትም፤ "ቀስ በይ፣ እኔ እመታልሻለሁ" ትላታለች። ሰብለ ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም። አጭር አጭሯን ስታ ስታ ሳቀች። እኔን አላስችል አለኝ፤ ያን ናዝሬት ላይ ያየሁትን ረጅም ኳስ በአናቷ ላይ ላክሁላት። ኳሷ አልፋት ሄደች። ማህሌት ደንግጣ እየሮጠች፣ "እማዬ፣ አለፈችሽ!" አለች።

እንደዚያ ስትጠራት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ማህሌትም ራሷ ሰምታ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰብለ አልሮጠችም። ጀርባዋን ሰጠችን፣ ፊቷን ወደ መስተዋቱ አዞረች፣ ራኬቷን ከፍ አድርጋ ጠበቀች። ኳሷ ነጠረች፣ መስተዋቱን መታችና ተመልሳ እጇ ላይ መጣችላት። እሷም ዞር ብላ በእኔና በአሠልጣኙ መሃል አሳለፈቻት።

ማህሌት፣ "ይህን እንዴት አድርገሽ ነው?" አለቻት።

"ነይ፣ ላሳይሽ" አለች ሰብለ። የልጇን ክንድ ይዛ ፊቷን ወደ መስተዋቱ አዞረቻት፣ ከኋላዋ ቆማ ራኬቷን ከፍ አደረገችላት። "አትሩጪ። ትመጣልሻለች" አለቻት።

አሠልጣኙ ኳስ አንስቶ ጨዋታው እንዲቀጥል ጠበቀኝ። እኔ መቀመጥ የማልችለው ሰውዬ መስመሩ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር።